ለእንግዳ የተቀመጠ ንፋስ

«ሐሙስ ይመጣሉ።»

ይህን የሚለው ወንድዬ ነው፤ ከጎሚስታ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው መሥሪያ ቤት የበር ጥበቃ። ሰባት ሐሙስ ሙሉ ብሎታል። የሚመጡት ከላይ ናቸው። ከላይ ማለት ከየት እንደሆነ ወንድዬ አይናገርም፤ ጣቱን ግን ወደ ሰማይ ይቀስራል። መጥተው ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው መንደር ይወርዳሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ለሕዝቡ የሠራውን ያያሉ። እዚያ መሬቱ ኮቲቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጥቁር ጭቃው የያዘውን አይለቅም። ካቻምና የሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንግዶቹን እንደጫነ እዚያው ተተክሎ ቀረ፤ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

«መኪናው ከቆመ አቶ ሰይፈሥላሴም አለቀላቸው» ይላል ወንድዬ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አቶ ሰይፈሥላሴ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ስለ እርሳቸው ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ሀገር የምትቆመው ወንበራቸውን አጥብቀው በያዙ ሰዎች ነው፤ ሁሉም ተነስቶ ቢሠራ ወንበሩን ማን ይጠብቀው ነበር?

መፍትሔው ከእኔ መጣ፤ አልክድም። ሾፌሩ ጋሽ ፈቀደ ጎማ ሊያስነፉ መጥተው ጭንቀታቸውን ሲያጫውቱኝ፣ «ጭቃው አፍ ላይ ሲደርሱ ጎማውን ግማሽ ያስተንፍሱት» አልኳቸው። «እንደ ግመል እግር ሰፍቶ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ሲወጡ መልሰው ይንፉት።»

«በምን ልንፋው፣ ልጄ? በአፌ?»

«ኮምፕሬሰር መኪናው ላይ እገጥምልዎታለሁ።»

ጋሽ ፈቀደ ይህን ለኃላፊው አቀረቡ፤ ኃላፊው ለዓብይ ኮሚቴው፣ ዓብይ ኮሚቴው ለቴክኒክ ኮሚቴው መራው። ቴክኒክ ኮሚቴው ሦስት ሳምንት በጥልቀት ከመረመረ በኋላ ምክሬን ለሁለት ከፍሎ፣ ማስተንፈሱን ውድቅ አድርጎ መንፋቱን አጸደቀ። ቃለ ጉባዔው ላይ እንደሰፈረው፣ «ዝቅ ማድረግ ከተቋሙ ራዕይ ጋር አይጣጣምም»። ሥራውም «የተሽከርካሪ ላይ እምቅ አየር ሥርዓት ዝርጋታ ፕሮጀክት» ተባለ። እኔ «ኮምፕሬሰር መግጠም» ነበር ያልኩት። ያልተማረ ሰው ቃል ያጥረዋል።

ልገጥም ስገባ የቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፀሐዩ ክንዳቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ጠበቁኝ።

«የሙያ ማረጋገጫ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ የት ተማርሽው?»

«የተማሩ ሰዎች ያበላሹትን ስጠግን።»

አቶ ፀሐዩ ዲፕሎማ ስላላቸው ቆመው አዩኝ፤ እኔ ስለሌለኝ ሠራሁ። ፓምፑን ከባትሪው ጎን በቡሎን አሰርኩት። ገመዱን በፊውዝ አሳልፌ ማብሪያውን ከመሪው አጠገብ አደረግሁ። አየሩ የሚጠራቀምበትን ሲሊንደር ከኋላ ከወለሉ ሥር ሰቀልኩ። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀብቼ ፈተሽኩ፤ አንድም የሚያፈስ አልነበረም። ሲያልቅ አቶ ፀሐዩ ፈረሙ። ፊርማቸው በጣም ያምራል።

በርክክቡ ዕለት አቶ ሰይፈሥላሴ የመኪናው አፍንጫ ሥር ቆመው ንግግር አደረጉ። «ለአየር ደጅ የምንጠናበት ዘመን ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል» አሉ። «ከእንግዲህ መሥሪያ ቤታችን በራሱ ንፋስ ይቆማል።» ተጨበጨበ። ከሰዓት በኋላ ያው መኪና ጎማ ሊያስነፋ እኔ ደጅ ቆመ።

«ምነው ጋሽ ፈቀደ፣ ኮምፕሬሰሩስ?»

«አዲስ ዕቃ'ኮ ነው።»

«እና?»

«ለእንግዳ ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ተብሏል።»

ጤነኛ ሰው ይህን ይረዳል። እኛ ቤት ቡፌው ውስጥ ያሉት ስድስት ባለወርቅ ቅብ ብርጭቆዎች በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ከንፈር ነክቷቸው አያውቅም። መሥሪያ ቤትም ያው ቤት ነው። የኃላፊው ጸሐፊ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብለው ለፓምፑ ዳንቴል ሠሩለት፤ ነጭ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። በየሳምንቱ ጋሽ ፈቀደ ኮፈኑን ከፍተው ዳንቴሉን ያራግፋሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ጎማ ያስነፋሉ።

በስምንተኛው ሐሙስ መጡ። የመጡት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ወይዘሮ አስካለማርያም ይባላሉ። ክላሰር ይዘዋል፣ ብዙ አይናገሩም። ሲዘንብ ነበር ያደረው። ጋሽ ፈቀደ «ያለ ማህሌት መኪናውን አላንቀሳቅስም» ስላሉ፣ እኔም «በቴክኒክ ድጋፍ ሰጪነት» ከኋላ ተጫንኩ። ድጋፍ ሰጪ እንደማይናገር አስቀድሞ ተነገረኝ።

ጭቃው አፍ ላይ ጋሽ ፈቀደ ቆሙ።

«አለቃ፣ ጎማውን ላስተንፍሰው።»

«እንግዳ ይዘን?» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት አቶ ሰይፈሥላሴ።

«ዕቃው'ኮ የተገጠመው ለዚሁ...»

«ጋሽ ፈቀደ፣ የመሥሪያ ቤት ጎማ እንግዳ ፊት አይተነፍስም። ይልቅ ጨምሩበት፤ ይዩልን።»

«ሞልቷል፣ አለቃ።»

«ዕድገት ማለት'ኮ ሙሉ ላይ መጨመር ነው።»

«ይሰምጣል» አልኩ ከኋላ።

«ድጋፍ ሰጪ አይናገርም» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

ወረድን። ኮፈኑ ተከፈተ። ወይዘሮ አስካለማርያም ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እምቅ አየር ሥርዓት ይባላል።»

«ዳንቴል ነው'ኮ።»

«ሥርዓቱ ከሥሩ ነው» አሉ ኃላፊው።

ዳንቴሉን አንስቼ፣ ከመሪው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ተጫንኩ። ሐሰት አልናገርም፤ በእጄ ያሰርኩት ፓምፕ እንደ ንብ ቀፎ እያዜመ ሠራ። አራቱም ጎማዎች እስኪጠጥሩ ድረስ ተነፉ፤ በቺያቬ መፍቻዬ ብነካቸው እንደ ከበሮ ይመልሳሉ። አቶ ሰይፈሥላሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፈገግ አሉ። ፕሮጀክቱ ዓላማውን መቶ በመቶ አሳክቷል።

ከዚያ ጭቃው ውስጥ ገባን። የተወጠረ ጎማ ኮቲቻ ላይ አይረግጥም፣ ይቆፍራል። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደን የመኪናው ሆድ መሬት ነካ። ጋሽ ፈቀደ ማርሽ ቀየሩ፤ ጎማው ዞረ። መኪናውም ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ታች።

«በሉ አሁን አስተንፍሱት» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«መተንፈሻውን ጭቃው ውጦታል» አልኩ።

«ታዲያ ቆፍሪያ።»

«እኔ ድጋፍ ሰጪ ነኝ። ለቁፋሮው ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም።»

ጋሽ ፈቀደ መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

ወይዘሮ አስካለማርያም ክላሰራቸውን ከፍተው አንድ መስመር ጻፉ።

«አቶ ሰይፈሥላሴ፣ መንደሩ ድረስ መድረስ ያቃተው መሥሪያ ቤት ለመንደሩ ምን ሠራለት ልበል?»

ኃላፊው ለንግግር ደረታቸውን ነፉ፤ ወዲያው ተነፈሰ። ያን ሁሉ አየር ጎማው ወስዶታል።

«ሰኞ ቢሮዬ ይምጡ። ማኅተሙንም ይዘው።»

ይህን ብለው ወይዘሮ አስካለማርያም ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በመጣንበት በእግራቸው ተመለሱ።

ሰኞ አቶ ሰይፈሥላሴ አማካሪ ሆኑ። አማካሪ ማለት ጠረጴዛ ያለው፣ የሚያማክረው ሰው የሌለው ባለሥልጣን ነው። ወንበር ግን አልከለከሏቸውም፤ የሚዞር ባይሆንም።

ማክሰኞ ባጃጅ የሚነዳው ሀይረዲን ጎማ ሊያስጠግን መጣ። ጎማውን ፈትቼ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ቀዳዳውን ስፈልግ የሐሙሱን ነገር አወራሁለት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ቆይ ማሂ፣ በየት በኩል ነው የገባችሁት?»

«በፋብሪካው ጀርባ ነዋ። ሌላ መግቢያ አለው እንዴ?»

«በወንዙ በኩል ኮብልስቶን አለ'ኮ። በቀን አሥሬ እመላለስበታለሁ፣ በዚችው ባጃጅ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና ጥቅምት።»

«ማን ሠራው?»

ሀይረዲን በአገጩ የፊት ለፊቱን በር ጠቆመኝ። «እነሱ። መግቢያው ላይ ድንጋይ አቁመዋል። ‹በአቶ ሰይፈሥላሴ ተመረቀ› ይላል።»

ጎማውን ውኃ ውስጥ ትቼ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ወንድዬ፣ አለቃህ አምና ኮብልስቶን መርቀዋል?»

«እንዴ፣ በደንብ ነዋ። አዳራሹን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«የምን አዳራሽ?»

«ይሄው የኛው አዳራሽ። መንገዱን በፎቶ አሳዩ፣ ሪባኑን መድረኩ ላይ ቆረጡ።»

«እዚያው መንደሩ ሄደው ለምን አልመረቁትም?»

ወንድዬ እንደ ሞኝ አየኝ።

«ወደ መንደሩ የሚያስገባ መንገድ የለም ተብሎ ነዋ።»