በካዚኖ ወረቀት የተለበደው ዝሆን

እኛ ነጻ ነገር ያስፈራናል። ስጦታ ሲሰጡን ሁለት እጃችንን ዘርግተን፣ ጎንበስ ብለን እንቀበላለን፤ በሆዳችን ግን «ምን ፈልጎ ይሆን?» እንላለን። ላስ ቬጋስ ደግሞ ይህን አመላችንን የሚያስተወን ከተማ አይደለም። እዚህ መጠጡ በነጻ የሚቀዳለት፣ አልጋው ሳይቀር በነጻ የሚነጠፍለት ሰው አለ። ያንኑ ሰውዬ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የገዛ ጫማውን እያየ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ በልጃችን በሊያ ስም የመጀመሪያው መጽሐፍ በፖስታ ሲመጣ ደስ አላለንም። ተቀመጥን።

ካዚኖዎቹ የተዘጉበት የኮሮና ዘመን ነው። ዳውንታውን የእንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርገው ባለቤቴ ሰለሞን ቤት ከዋለ ሰንብቷል፤ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ካለው አፓርታማችን በር ድረስ ደፍሮ የሚመጣ ፖስተኛው ብቻ ነው። ሰለሞን ፖስታውን ገለባብጦ የልጅቱን ስም አነበበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አድርጋ ነው?» አለኝ። ሊያ አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ቆይቶ ትዝ አለኝ። ሊያን ላስከትብ ክሊኒክ የወሰድኳት ዕለት ነርሷ አንድ ፎርም ሰጥታኝ ፈርሜያለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ያልፈረምኩት ወረቀት የለም፤ የጠፋው ያነበብኩት ነው።

ምድር ቤት ወደሚኖሩት ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ወረድን። እትዬ ጥሩወርቅ ከሃያ ዓመት በላይ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ፣ ለሕንፃችን አበሾች ኤምባሲም ፍርድ ቤትም የሆኑ ሴት ናቸው። እዚሁ የተወለደውን ልጃቸውን በስልክ ጠይቀው ነገሩን አጣሩ። አንዲት የታወቀች የካንትሪ ዘፋኝ ናት አሉ፤ ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው በየወሩ አንድ መጽሐፍ በነጻ ትልካለች። ካንትሪ የምታውቁት ነው፦ ባርኔጣ፣ ጊታር፣ ሚስቱም መኪናውም የሄዱበት ሰው። ለመኪናው ይበልጥ ያለቅሳል።

«አምስት ዓመት ሲሞላትስ?» አላቸው ሰለሞን።

«ሲሞላትማ መጥተው ይረከቧችኋላ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «የትኛው አገር ነው መጽሐፍ ሰጥቶ የማይመልስ?»

አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ የተማራችሁት በዚያው መንገድ ነው። መስከረም ላይ መጽሐፉ ይታደላል፤ በጋዜጣ ወይም በአሮጌ ካላንደር ይለበዳል፤ ሰኔ ላይ መምህሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገጽ በገጽ እየገለጠ ይረከባል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን ተረት እኛ የምናውቀው ከመጽሐፍ ርክክብ ነው። እኔ የሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊዬን ጣሪያችን አፍስሶ ዝናብ በላው። ውቅያኖሶቹ በሙሉ ውኃ ገባባቸው። ተክታ ካላመጣች አትመዘገብም ተባለ፤ አባቴም ቤት ውስጥ ሥራ አላጣችም አለ። ትምህርቴ በዚህ አለቀ። የመጣውን መጽሐፍ እንዳየሁ መለበጃ ወረቀት ፍለጋ የተነሳሁት ወድጄ አይደለም።

ለበድኩት፤ በየወሩ የሚመጣውን ሁሉ ለበድኩ። ቤታችን ጋዜጣ ስለማይገባ የለበድኩበት ወረቀት በየሳምንቱ በፖስታ የሚጎርፈው የካዚኖ ማስታወቂያ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ያብለጨልጫል። አንዷ ጥንቸል የቁማር ጠጠሩን፣ ዳይሱን ለበሰች። ዳክዬዎቹ ባለሦስት ሰባቱን የቁማር ማሽን ለበሱ። ከዚያ የቡፌው ላይኛ መደርደሪያ ላይ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች አጠገብ ገቡ። ያኔ የሚመጣ እንግዳ የለም። ሊያ መስተዋቱ ላይ አፍንጫዋን አስደግፋ፣ ወርቅ ቤት ደጃፍ እንደቆመ ሰው ታያቸዋለች።

«ማሚ፣ ማይን ነው እኮ፣ የኔ» አለችኝ አንድ ቀን።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ልላት ነበር፤ ፖስታው ላይ ያለው ስም ግን የራሷ ነው። ሰለሞን እግሩን ሊያፍታታ ሲወጣ ጠብቄ አንዱን አወረድኩላት፤ ዣንጥላ የያዘ ዝሆን ያለበትን። የእኔ እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለዝሆን አይበቃም፤ ስለዚህ ሥዕሉን እያየሁ በአማርኛ ፈጠርኩለት። ዝሆኑ በኮሮና ምክንያት ከካዚኖ ሥራው ተቀንሷል። አጠገቡ ጆሮዋን ያጠፈችው ጥንቸል ስልክ የማታነሳ ጸሐፊ ናት። ዝሆኑ ይደውላል፣ ይደውላል፤ ጥንቸሏ ጆሮዋን አጥፋለች። ሊያ ይህንን በቀን ሦስቴ ካልሰማች ምሳ አትበላም። ታሪኩ ለምን እንደጣማት አላውቅም፤ አባቷ ሳሎን ውስጥ ለሥራ አጦች ቢሮ ሲደውል የሚውለውን ነበር የነገርኳት።

አንድ ቀን ጥንቸሏ ስልኩን ታንሳ እንደሆን ለማየት ቸኩላ ስትገልጥ ገጹ ከመሃል ለሁለት ሆነ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ተመልሼ ገባሁ። በፕላስተር አጣብቄ ፍራሽ ሥር ደበቅኩት። ቡፌው ውስጥ የቀረው ክፍተት ላይ የሰርጋችንን ፎቶ አቆምኩ። ሊያ ግን የተደበቀበትን አውቃለች፤ ከዚያ ወዲህ የምናነበው እንደ ኮንትሮባንድ ነው።

የፈሩት ይደርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ሊያ አምስት ሊሞላት ሲል ከመጽሐፍ ላኪዎቹ አንዲት ሴት ደወለች። ሰለሞን ስልኩን ዘግቶ «ቅዳሜ ይመጣሉ፤ መጽሐፎቹን ከልጅቷ ጋር ማየት ይፈልጋሉ» አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ማስካቸውን አገጫቸው ድረስ አውርደው «ምን ብዬ ነበር?» ለማለት ብቻ ደረጃውን ወጡ። ሰለሞን ቆጠረ፤ አንድ ጎደለ። ማን ወሰደው ሲል ዝም አልኩ። ሰዎች ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት ይሉኛል። ዝምታ ሁሉ ጨዋነት አይደለም፤ አንዳንዱ ፍራሽ ሥር ያለ ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ማስክ ያደረጉ ፈረንጅ ሴት ካሜራ አንግበው መጡ፤ በበሽታው ምክንያት ከደጅ ቆሙ። ሰለሞን የሰርጉን ሱፍ ለብሶ ጠረጴዛ አውጥቷል፤ መጽሐፎቹ ተደርድረዋል። ሴትየዋ መጀመሪያ የገዛ መጽሐፎቻቸውን አላወቋቸውም። ዳይስ የለበሰችውን አንስተው ሲገልጡ፣ ተከፍቶ የማያውቅ መጽሐፍ ነውና ቀጭ አለ። ከማስካቸው በላይ ያለው ፊታቸው ጠቆረ። ሰለሞን ጎደለ እንዳይባል ቸኩሎ፣ ንጽሕናቸውን ይዩልንና ቆጥረው ይረከቡን፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልን ብሎ ወረቀት ዘረጋላቸው። ስጦታ ተመልሶላቸው አያውቅም መሰል፣ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ሊያን አንድ ነገር ጠየቋት። ሰለሞን «የትኛውን ነው የምትወጂው አሏት» ብሎ ሳይጨርስልን ልጅቷ የለችም። ፍራሹ ሲነሳ ከውስጥ ሰማሁ።

ይዛው መጣች። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ወተት ፈሶበታል፣ የካዚኖው ልባስ ተገሽልጦ የዝሆኑ መቀመጫ ወጥቷል። እትዬ ጥሩወርቅ «በስመ አብ» አሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ ሰኔ ነው፣ መምህሩ ወንበሩ ላይ ነው።

ሴትየዋ መጽሐፉን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የሆነ ነገር አሉ። ሰለሞን ሊተረጉምልን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«የላክነው ለዚህ ነው አሉ።»

ከዚያ ሊያ ታነብላቸው ጀመር፤ ከሥራ የተቀነሰውን ዝሆንና ስልክ የማታነሳዋን ጥንቸል፣ በእንግሊዝኛ እየገለበጠች። ሴትየዋ ገጹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት። ፎቶ ያነሱት ያንን መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አንድም ሳይረከቡ ሄዱ።

ሊያ አሁን ትምህርት ቤት ገብታ ፊደሏን ለይታለች። በቀደም መጽሐፉን ይዛ መጥታ ወቀሰችኝ። «ማሚ፣ ዝሆኑ ከሥራ አልወጣም። ዝናብ እየጠበቀ ነው የሚለው።» ዝናብ በማያውቀው ቬጋስ ከሆነ ያው ነው አልኳት። ጥቂት አስባ፣ የአንቺው ይሻላል ብላ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ጂኦግራፊዬን ዝናብ ከበላው ወዲህ መምህር ያረመኝም ያሳለፈኝም ያን ቀን ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን ትምህርታቸውን ለውጠዋል። መጽሐፍ ያልተቀደደበት ቤት በክፉ ዓይን ይታያል እያሉ ለሕንፃው ሁሉ ሰብከዋል። ለሦስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው የመጡት መጻሕፍት እሳቸው ቡፌ ውስጥ ናቸው፤ ሻይ ጠብ ጠብ ተደርጎባቸው፣ ጥጋቸው ታጥፎ፣ መስተዋቱ ተቆልፎባቸዋል። ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ሊያን ለሁለት ቀን ላኪልኝ» አሉኝ። «የእኛዋ ልጅ ጨዋ ሆና መቅደድ አልሆነላትም።»