ባዶ የያዘ ሰው ምን ይነካል?

ከሊፋ: ተኝቷል አልኩህ!

ገልገሎ: አልተኛም።

ከሊፋ: ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ይሄ ካልተኛ ማን ተኛ?

ገልገሎ: ግመል እንዲህ ስትሆን አልተኛችም። ልትራገጥ ነው።

[ነገሌ ቦረና፣ 1979 ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ። ጨርቅ ነጋዴው ከሊፋ ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። አጠገቡ የከብት ገበያው ደላላ ገልገሎ አለ። ካሴቱን ከሞያሌ ያመጣለት ሾፌር የህንድ ፊልም ነው ብሎት ነበር፤ ሲከፈት ግን ሰፊ ጠረጴዛ ከብበው ካርታ የሚጫወቱ ፈረንጆች ወጡ። ከሊፋ በመጀመሪያው ቀን ተናደደ፤ በሦስተኛው ቀን ተመራማሪ ሆነ።

ግቢው ውስጥ ትንሿ ጄነሬተር ታጉረመርማለች። ከእሷ ወዲያ አንዲት ግመል ከነግልገሏ ታስራለች። የዛሬው ጭንቀቱ እሷ ናት። ሚስቱ በድሪያ ጠዋት ቁርጡን ነግራዋለች፦ ከዐስር ሶላት በፊት ወይ ግመሏ ወይ ቴሌቪዥኑ ከዚህ ግቢ ይውጣ። «አንዷ ቅጠል ትበላለች፣ አንዱ ቤንዚን ይጠጣል፤ እኔ ከሁለቱም ያገኘሁት የለም» ነው ያለችው። እውነትም ግመሏ ግልገሏን ታጠባለች እንጂ በአራት ወር ውስጥ ለሰው አንዲት ጠብታ አላወረደችም። ከሊፋ ግመሏን ለገልገሎ ሊሸጥ ስላሰበ ይህን እንዳያውቅበት ይፈልጋል። አያውቅምም ብሎ ተማምኗል፤ ገልገሎ አንዲት ጥያቄ አስቦ እስኪጠይቅ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጨርስ ሰው ነው።]

ከሊፋ: ስማኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሰዎች ነበሩ። አራቱ ተበልተው ተነስተዋል። የቀሩት ይሄ ባለ ጥቁር መነጽር ወጣትና ይሄ የተኛው ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ናቸው። ወጣቱ ሊቅ ነው። ሽማግሌው በዕድል ነው እዚህ የደረሰ።

ገልገሎ: የሸሚዝ ቁልፍ ነው የሚጫወቱት?

ከሊፋ: የምን ቁልፍ?

ገልገሎ: ያ፣ ፊታቸው የተከመረው።

ከሊፋ: ገንዘብ ነው እንጂ! የገንዘብ ምትክ። ያቺ አንዷ ክምር ብቻ አንድ ኤንትሬ መኪና ከነተሳቢው ትገዛለች።

ገልገሎ: [ሻዩን ፉት ብሎ ያስባል።] ታዲያ ከብቱ የታለ?

ከሊፋ: የምን ከብት?

ገልገሎ: የሚገዙት።

ከሊፋ: አይገዙም! የሚሸጥም የሚገዛም ነገር የለም። አንዱ የሌላውን ገንዘብ መብላት ብቻ ነው።

ገልገሎ: ያለ ከብት?

ከሊፋ: ያለ ከብት።

ገልገሎ: ያሳዝናሉ። [ፉት።] አንተም ትጫወታለህ?

ከሊፋ: አስተግፊሩላህ! ቁማር ሐራም ነው። እኔ ስህተታቸውን ብቻ ነው የማየው። የሰው ስህተት ማየት ሐራም ነው ያለኝ ሰው የለም። አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ገልገሎ: እና ማን በላ?

ከሊፋ: አላውቅም።

ገልገሎ: አሥራ አንድ ጊዜ አይተህ?

ከሊፋ: ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርስ ቤንዚን ያልቃል። ዛሬ ግን ጨምሬበታለሁ። ኢንሻላህ መጨረሻውን እናያለን።

ገልገሎ: ኤዬ። ስለ ግመሏ ደግሞ...

ከሊፋ: ግመሏ የትም አትሄድም። እኔ ለመሸጥ አልቸኮልኩም። [ኮፍያውን አቃና።]

ገልገሎ: [ኮፍያውን አየ።] እሺ።

ከሊፋ: ያን ከኋላ ቆሞ የሚያየውን ባለ ጢም አየኸው? ከተበሉት አንዱ ነው። ለምን ተበላ መሰለህ?

ገልገሎ: ካርታው መጥፎ ነበር።

ከሊፋ: ካርታውማ ደህና ነበር። ጆሮው ነው ያስበላው። ባዶ ሲይዝ ጆሮውን ያክካል።

ገልገሎ: ቅማል ይሆናል።

ከሊፋ: አሜሪካ ውስጥ? ሰባተኛ ጊዜ ሳየው ነው የደረስኩበት። ባዶ የያዘ ሰው አንድ ነገር ሳይነካ አያልፍም። አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ ቀለበቱን፣ አንዱ አፍንጫውን። የሚገርመው፣ ነኪው ራሱ አያውቀውም። ጎረቤቱ ግን ያውቃል።

ገልገሎ: ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?

ከሊፋ: ሁሉም። ከእኔ በቀር። እኔ ስላወቅኩት ትቼዋለሁ። [ኮፍያውን አቃና።]

ገልገሎ: አላህ ጎበዝ አድርጎ ፈጥሮሃል። [ፉት።] ግመሏ ስሟ ማን ነው?

ከሊፋ: ግመል።

ገልገሎ: ስም የላትም?

ከሊፋ: ምን ያደርግላታል? ቀበሌ ልትመዘገብ ነው?

ገልገሎ: የሸጠልህ ሰው አልነገረህም?

ከሊፋ: ዋጋዋን ነገረኝ።

ገልገሎ: ሌላ ምንም አልጠየቅከው?

ከሊፋ: ምን ልጠይቀው? አራት እግር፣ አንድ ሻኛ። ቆጥሬ ተረከብኩ።

ገልገሎ: ወተቷስ?

ከሊፋ: ወተቷማ! [ኮፍያውን አቃና።] በቀን ሦስቴ ትታለባለች። ማለቢያ ዕቃ አጣንላት እኮ።

ገልገሎ: [ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያየዋል።] ታዲያ ሻዩ ለምን ጥቁር ሆነ?

ከሊፋ: ወተት ሆዴን ይነፋኛል። [ኮፍያውን አቃና።]

ገልገሎ: የኔንም?

ከሊፋ: ላንተ... ላንተ ብዬ ነው። ወተት ያስተኛል። ተኝተህ ጨዋታው እንዳያመልጥህ። [ኮፍያውን አቃና፤ ቀድሞም ቀጥ ብሎ ስለነበር አሁን ተጣመመ።]

[ገልገሎ ራሱን ነቀነቀና በአፍንጫው ቀስ ብሎ ያንጎራጉር ጀመር። ውጭ ግመሏ ረዘም ያለ ድምፅ አሰማች። እሱ ዝም ሲል እሷም ዝም አለች።]

ከሊፋ: እባክህ አታንጎራጉር! ወሳኙ ቦታ ነው። አየህ ወጣቱን? ከክምሩ ግማሹን ወደ መሃል ገፋ። ይሄ ምን ማለት ነው?

ገልገሎ: ጠግቧል።

ከሊፋ: ባዶ ነው! ባዶ ይዞ ነው የገፋው። ሽማግሌው ደንግጦ ካርታውን እንዲጥል ነው። ባዶ የያዘ ሰው ጮክ ማለት አለበት፤ ዝም ካለ ይነቃበታል። ስልት ይሉሃል ይሄ ነው።

ገልገሎ: ሽማግሌው ባይደነግጥስ?

ከሊፋ: የማይደነግጥ ሰው የለም።

ገልገሎ: የተኛ ሰው እንዴት ይደነግጣል?

ከሊፋ: አንተ አይደለህ አልተኛም ያልከኝ?

ገልገሎ: እኔማ አልተኛም ነው ያልኩት።

[ሽማግሌው አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ካርታ የሚያድለውን ሰው አንድ ነገር ጠየቀው።]

ገልገሎ: ምን አለ?

ከሊፋ: «ተራው የማን ነው?» አለ። እንግዲህ ፍረድ! ያ ሁሉ ሀብት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፎ ተራው መድረሱን እንኳ አያውቅም። ይሄን ነው ስህተት የምልህ። የሞኝ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ቦታ መቀመጥ የለበትም።

ገልገሎ: እኔ ግን ጥያቄውን ወድጄዋለሁ።

[ኩታውን ከትከሻው አውርዶ በሁለቱ መካከል ዘረጋው። በከብት ገበያው ወግ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ ከጨርቅ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋጋውን በጣት ብዛት ይነጋገራሉ፤ የከበባቸው ሰው ፊታቸውን ብቻ እያየ ይቀራል። እዚህ የከበባቸው ሰው የለም፤ ወጉ ግን ወግ ነው። ሁለቱም እጃቸውን ከኩታው ስር አስገብተው ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከሉ።]

ከሊፋ: ይሄን ያህል።

ገልገሎ: አምስቱንም?

ከሊፋ: ከነግልገሏ እኮ ናት።

ገልገሎ: ይቺ ትንሿ ትውጣ።

ከሊፋ: አትወጣም።

ገልገሎ: ትውጣ፣ ጃላ ወዳጄ። ምን ትሠራልሃለች?

ከሊፋ: እሺ፣ ትውጣ። አራት።

ገልገሎ: ይቺም ከእህቷ ጋር ትሂድ።

ከሊፋ: ልቀቃት! እሷ አትነካም!

[ከሊፋ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ። ወጣቱ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ፊቱ እንደ ግድግዳ ነው። የከሊፋ ልብ ሞቀ።]

ከሊፋ: እንግዲያው እንደገና አምስት!

ገልገሎ: አራት ደርሰን ነበር እኮ።

ከሊፋ: ጨመርኩ።

ገልገሎ: ሻጭ ወደ ላይ ሲወጣ ዛሬ አየሁ።

ከሊፋ: ሌላ ገዢ አለኛ! የሻኪሶ ሰው ነው። ወርቅ ቆፋሪ። ከወተት በቀር በአፉ የሚዞር ነገር የለም። ዛሬ ማታ ይመጣል። [በነፃ እጁ ኮፍያውን አቃና።]

ገልገሎ: [እጁን ከኩታው ስር አወጣ።] እንግዲያው ወጣሁ።

ከሊፋ: የት?

ገልገሎ: ካርታዬን ጣልኩ። እንዲህ አይደል የሚባለው? ወርቅ ቆፋሪው ይውሰዳት። እሱ ይጠማል።

[ተነስቶ ኩታውን አራገፈ።]

የበድሪያ ድምፅ: [ከግቢ] ከሊፋ! አዛን ሊል ነው! የቱን ላስወጣ?

ገልገሎ: ምን አለች?

ከሊፋ: ልብስ... ልብስ ነው። ከሳጥን የቱን ላውጣልህ ነው የምትለው። [ኮፍያውን አቃና።] ና እንጂ ተቀመጥ! ጨዋታ አይገባህም? ቆፋሪው ይቅር፣ ምን ሰው ነው እሱ! እጅህን አምጣ።

[ገልገሎ ተቀመጠ። ከኩታው ስር ጥቂት ግብግብ ሆነ።]

ከሊፋ: ይኸው፣ ሦስት። ለወንድምነታችን ብዬ።

ገልገሎ: ሦስት። አላህ ይባርከው።

[ገልገሎ ከወገቡ ብሩን ፈትቶ ሰጠው። ከሊፋ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ሽማግሌው ያለውን ቁልፍ ሁሉ በክንዱ ወደ መሃል ገፍቷል። ወጣቱ መነጽሩን አወለቀ። ሽማግሌው ጣቱን ካርታው ላይ አደረገ፤ ሊገልጠው ሲል ጄነሬተሯ ሁለት ጊዜ እንደ ማሳል ብላ ጸጥ አለች። የቴሌቪዥኑ ምስል ወደ ነጭ ነጥብ ተሰብስቦ ጠፋ።]

ከሊፋ: ያ አላህ! ሊገልጠው ነበር እኮ!

ገልገሎ: አሥራ ሁለት። [ወጣ።]

[ከሊፋ ብቻውን ቀረ። የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ የራሱን መልክ አይቶ ተቃና። ወተት የማይወጣትን ግመል በወተት ግመል ዋጋ፤ ለዚያውም ለደላላ! ባለ መነጽሩ ወጣት እንኳ ይህን አላደረገም። ከውጭ የገልገሎ እንጉርጉሮ ይሰማል፤ አሁን ቃል አለው፣ «ዳለቲ፣ ዳለቲ» ይላል። ቀጥሎ ከቆርቆሮ ጋር የሚጋጭ የፈሳሽ ድምፅ መጣ፤ ሽር፣ ሽር፣ ሽር።]

ከሊፋ: በድሪያ! የቧንቧ ውኃ መጣ እንዴ?

የበድሪያ ድምፅ: ወተት ነው!

ከሊፋ: የማን ወተት?

[ገልገሎ አረፋው የሚገነፍል ብርጭቆ ይዞ ገባና ከሊፋ ፊት አስቀመጠው።]

ገልገሎ: ጠጣ። ሆድህን ካልነፋህ።

ከሊፋ: ይሄ... ይሄ ከእሷ ነው?

ገልገሎ: ስሟ ዳለቲ ነው። እናቴ ናት ያሳደገቻት። ያኔ በድርቁ ነው የሸጥናት። እናቴ የምትዘፍንላትን ካልሰማች አታወርድም።

ከሊፋ: ስትገባ ነው ያወቅካት?

ገልገሎ: አንገቷ ላይ የቤታችን ምልክት አለ።

ከሊፋ: ታዲያ ስሟን ለምን ጠየቅከኝ?

ገልገሎ: ታውቀው እንደሆነ ብዬ። ብታውቀው ኖሮ አምስቱንም ጣት እሰጥህ ነበር።

የበድሪያ ድምፅ: ከሊፋ! ሰማኸኝ? ግመሏ የትም አትሄድም! ቴሌቪዥኑ ይውጣ!

ከሊፋ: ሸጥኳት እኮ!

የበድሪያ ድምፅ: መልሰህ ግዛት!

[ከሊፋ ገልገሎን አየው። ገልገሎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።]

ከሊፋ: ገልገሎ። ተኛህ?

ገልገሎ: [ዓይኑን ሳይገልጥ] ግመሏን በዚያው በሦስት ጣት ልመልስልህ እችላለሁ። ወንድሜ ነህ። ዘፈኑ ግን ለብቻው ነው።

ከሊፋ: ዘፈኑ ስንት ነው?

[ገልገሎ አንድ ዓይኑን ገልጦ በአገጩ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ።]

ከሊፋ: ከነካሴቱ?

ገልገሎ: ከነካሴቱ። ሽማግሌው ምን እንደያዘ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከሊፋ: እኔስ? አሥራ ሁለት ጊዜ አይቼ መጨረሻውን ሳላውቅ ልቅር?

ገልገሎ: አይቼ እነግርሃለሁ።

[ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ከሊፋ ወተቱን አየ፤ ቴሌቪዥኑን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።]

ከሊፋ: እንግዲህ... እኔ ለመሸጥ አልቸኮልኩም። ቴሌቪዥኑን የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ እንዲያውም የጦር ሰፈሩ ሻምበል...

[እጁ ወደ ላይ መነሳት ጀመረ። ገልገሎ ኩታውን በመካከላቸው ዘረጋ።]

ገልገሎ: ኮፍያህን ተው። እጅህን ወደዚህ አምጣ።