የኃላፊው ባሚያ

ሰው ሰውን ሲመዝን ሚዛኑን እንጂ ሚዛኑ የቆመበትን መሬት አያይም። አንዱን በዳገት፣ ሌላውን በቁልቁለት ያስሮጥና «አያችሁ፣ ይኼ ሰነፍ ነው!» ይላል። ከአገሬ ርቄ በኖርኩባቸው ዓመታት ያነበብኳቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ይህችን ስህተት ለማረም ስንት ምዕራፍ ፈጁ መሰላችሁ? እኔ ግን ትምህርቱን የጨረስኩት ሽንፋ በምትባል ቆላ ነው፤ በባሚያ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሽንፋ አጠገብ ወዳለ የመንግሥት ሰሊጥ እርሻ ተላክሁ። ሙቀቱን አላወራም፤ እዚያ ዶሮ እንኳ ማዶ ጥላ መኖሩን ሳታረጋግጥ መንገድ አትሻገርም። ሥራዬ ከላይ የመጣውን «ምርጥ ዘር» ካገሬው ዘር ጋር ማወዳደር ነበር። ምርጡ ከበለጠ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ በሚመጣው ክረምት የራሱን ትቶ እሱን እንዲዘራ ይታዘዛል።

መሬቱ ግን ተዳፋት ነው። ላዩ ጭንጫ፣ መሐሉ እንደ ነገሩ፣ የወንዙ ጥግ ዱላ ቢሰኩበት የሚያቆጠቁጥ ደለል። ኃላፊያችን ይህን አይቶ ምርጡ ዘር ደለሉ ላይ፣ ያገሬው ጭንጫው ላይ ይዘራ ብሎ አዘዘ። እንግዳ ይከበር ማለቱ ይሆን? እኔም መጽሐፌን ገልጬ፣ ዳገቱን አግድም በሦስት ብሎክ እንክፈለው፣ በየብሎኩ ሁለቱም ዘሮች ጎን ለጎን ይዘሩ፣ ያኔ ጭንጫ ከጭንጫ፣ ደለል ከደለል ይወዳደራል፤ የሚታየውም ልዩነት የዘሩ እንጂ የመሬቱ አይሆንም አልኩት።

የቀን ሠራተኞቹ አለቃ አባ ውበቱ ሳቁብኝ። ከጎጃም ለአረም መጥተው በዚያው የቀሩ፣ አሁን የራሳቸው ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። «ይኼን ለመማር ነው እንዴ ይኼን ያህል ዓመት የፈጀሽ፣ ልጄ? በኛ አገር ርስት እንዲህ አይደል የሚካፈል? ከላዩም፣ ከመሐሉም፣ ከታቹም ለእያንዳንዱ ወንድም፤ የቱ ለማን እንደሚደርስ ደግሞ በዕጣ። አለዚያማ ይጋደላሉ!»

ምነው ዝም ባሉ! ኃላፊው «ርስት» የምትለዋን ሲሰማ ብድግ አለ። የፊውዳል ክፍፍል በመንግሥት እርሻ አይታሰብም አለና፣ «ጓዲት፣ ንቃትሽ ገና ነው» ብሎ ለቅዳሜ ግለ ሂስ ቀጠረኝ። አባ ውበቱ ፊታቸው ጠቆረ። ያገሬው ዘር የምንለው እኮ እሳቸው ቤት በጆንያ የተቀመጠው፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት እንኳ ያልከዳቸው ነው።

በዚያው ሳምንት ለሠራተኛው ሁሉ፣ ኃላፊውን ጨምሮ፣ የጓሮ አትክልት ውድድር ታወጀ። ባሚያው ያማረለት «ኮከብ ሠራተኛ» ይባላል። ቦታ አዳዩ አባ ውበቱ ነበሩ። ደለሉን ለዘበኛው ሰጡ፣ መሐሉን ለእኔ። ጭንጫው ለማን ደረሰ? ሽማግሌው ክፋት እንደሌላቸው እኔ ምስክር ነኝ።

ሙሽራ «ካልታዘልኩ አላምንም» አለች አሉ። ኃላፊው ዶማውን ሁለት ጊዜ ቢያሳርፍ ሁለት ጊዜ እሳት ብልጭ አለ። ወርውሮት ጮኸ። «ይኼ ምን ውድድር ነው! ዘበኛው ቢበልጠኝ የበለጠኝ እሱ ነው ወይስ መሬቱ? ለሁሉም ከላዩም፣ ከመሐሉም፣ ከታቹም ይድረሰው! በዕጣ!»

«እኔስ እንደ ሰሊጡ መስሎኝ ነው፣ ጓድ ጌታዬ» አሉ አባ ውበቱ፣ ጥርሳቸው ሳይታይ።

ኃላፊው የወረወረውን ዶማ አንሥቶ ሄደ። በማግስቱ ሰሊጡ በሦስት ብሎክ ተዘራ፤ በየብሎኩ የትኛው ዘር በየት በኩል እንደሚዘራም ዕጣ ወጣ፤ ጠጠር ለምርጡ፣ የማሽላ ፍሬ ላገሬው። የቅዳሜውን ግለ ሂስ ያስታወሰው የለም። ባሚያውን ፍየል ፈጀው፤ ከላዩም፣ ከመሐሉም፣ ከታቹም፣ ያለ አድልዎ።

መከር ሲደርስ ምርጡ ዘር ደለሉ ላይ በጥቂቱ በለጠ፣ መሐል ላይ ተካከለ፣ ጭንጫው ላይ ግን ያገሬው ጥሎት ሄደ። የገበሬው ማሳ ደግሞ አብዛኛው ጭንጫ ነው። ትእዛዙ ቀረ።

ከዚያ የምስጋና ወረቀት መጣ፤ ለኃላፊው፣ «ራሱ ለፈለሰፈው ሳይንሳዊ ዘዴ»። ለእኔ የመጣው የዝውውር ደብዳቤ ነበር። ያን ጊዜም ቂም እወድ ነበርና ስሰናበታቸው «ወረቀቱ አይቆጭዎትም?» አልኳቸው፣ አባ ውበቱን። ጆንያቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ወረቀቱ ለሱ ደረሰ፣ ዘሩ ለእኔ። እስቲ ሐምሌ ይምጣና የማንኛችን እንደሚበቅል እናያለን።»