ለውድ ተሳሳቾች የተዘጋጀ ግለ ሂስ

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ በገባ በዓመቱ፣ ላሊበላ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን መጥራት ትሕትናውን መድፈር ስለሚሆን እንተወው) የሰውን ልጅ ከስህተት ለመታደግ ቆርጦ ተነሣ። መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ነበረው። ጎብኚ ካገሩ ሳይነሣ አልጋ የሚይዘው በዚያ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አድራሻውን ሲጽፍ አንዲት ፊደል ከሳተ ባዶ ገጽ ይመጣበታል፤ ተስፋ ቆርጦም ሌላ አገር ይሄዳል።

ወይዘሮ ስሜነሽ አራት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አላት። የዓመት ኑሮዋ የገና ሰሞን ነው። ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድም አልጋ አልተያዘላትም። ተነሥታ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደግሰው ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ የተሳሳተውን ዝም ብላችሁ ወደ ትክክለኛው ብትመሩትስ? ጋሸና ላይ መታጠፊያው ያመለጠውን ሹፌር እኮ ሻይ ሻጯም ትመልሰዋለች።»

አቶ ደግሰው በሐዘኔታ አዩዋት። «ይሄማ ጠባቂነትን ማስፋፋት ነው፣ ወይዘሮ ስሜነሽ። ችግሩ የአመለካከት ነው።»

«አይ እንግዲህ! ጣቱ ስቶት ነው እንጂ ምን አመለካከት አለው?»

«ጣትን የሚያዘው ማን ሆነና!»

ከዚህ ጥልቅ ሐሳብ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተወለደ። ወልድያ ወርዶ አራት ቀን መከረ። እሰይ፣ ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ሰው ባዶ ገጽ አያይም። «ውድ ተሳሳች» የሚል ቅጽ ይመጣለታል። የስህተቱን መንሥኤ ይዘረዝራል፤ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያያይዛል። ቀበሌ በሌለበት አገር የሚኖር ከሆነም፣ ቀበሌ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀበሌው ያመጣል። ትክክለኛው አድራሻ ይሰጠው አይሰጠው ኮሚቴው ሐሙስ ሐሙስ ይወስናል።

ይህን ተሞክሮ ለመቀመር ከዞን ልዑካን መጡ። ስሜነሽም ባለድርሻ አካል ተብላ ከኋላ ወንበር ተሰጣት። አቶ ደግሰው በፕሮጀክተሩ ፊት ቆመው አድራሻውን ጻፉ። ግድግዳው ላይ «ውድ ተሳሳች» የሚል መጣ።



«ይሙሉት እንጂ» አሉ የልዑካኑ መሪ።

አቶ ደግሰው ላባቸውን እየጠረጉ ሞሉ። መንሥኤ ከሚለው ሥር «የአመለካከት ችግር» ብለው ጻፉ። ቀኑ ግን ማክሰኞ ነው፤ ከዞን ድረስ የመጣ እንግዳ እስከ ሐሙስ ሊቀመጥ ነው። የስሜነሽ አንጀት አልቻለም። ብድግ ብላ ሄደችና «እዚህች ጋ ነው የሳቱት፣ ጌታዬ» ብላ በጣቷ አሳየቻቸው። ፊደሏን ሲያርሙ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። አራቱ ክፍሎቿም ተራ በተራ ታዩ፤ አራቱም ባዶ ናቸው።

በሳምንቱ አቶ ደግሰው በአደባባይ ግለ ሂስ በማድረጋቸው የሞዴል ኃላፊነት ምስክር ወረቀት ተሸለሙ። ለስሜነሽም ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አድራሻ ስላሳየች ማረፊያዋ ከድረ ገጹ ተሰርዟል።

ደብዳቤው ግን የደረሰው ከታች ሰፈር፣ ጧፍ ሻጯ ሽታዬ ቤት ነው። ሽታዬ ዳገቱን እያለከለከች ወጥታ አመጣችላት።

«የቤት ቁጥሩ የእኔ ነው፤ ስሙን ሳየው ያንቺ ሆነ። ቶሎ ይድረስሽ ብዬ ነው።»

ስሜነሽ ደጃፏ ላይ ቆማ አነበበችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ግለ ሂስ ሞልተሻል?» አለቻት።

«የምን ግለ ሂስ?»

«እንግዲያማ መልሰሽ ውሰጂው፤ ሐሙስ ይታይልሻል።»