አርኤንኤዬ አልቆለፍ አለ!

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሾቻችሁ አባዬን ታግ ታደርጋላችሁ። በቃ ልናገርና ይውጣልኝ!

የማስተርስ ዲፌንሴ ነበር፤ የመመረቂያ ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን። አዎ፣ ያቺ ስለ ሬትሮቫይረስ እያወራች ያደነቆረቻችሁ ልጅ ነኝ።

ለማታውቁ፦ እንደ ኤችአይቪ ያለ ቫይረስ የዘር መልእክቱን፣ ማለትም አርኤንኤውን፣ በሁለት ቅጂ ነው የሚይዘው። ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ታዲያ እንዴት ይያያዛሉ? እያንዳንዳቸው ላይ አንዲት ትንሽ ቀለበት አለች። አንዱ ዞሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጣ ቀለበቶቹ ልክክ ይላሉ። ሳይንቲስቶች "መሳሳም" ይሉታል። እኔ አይደለሁም ያልኩት!

ይሄን በእጄ ማሳየት ፈለግኩ። አባዬ ደግሞ ዊንጌት ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው። ሁለት ጨርቅ ላይ ሲጫኑት ቀጭ የሚለውን ቁልፍ ደረደረልኝ፦ ወንዴ፣ ሴቴ፣ ወንዴ፣ ሴቴ... ስድስት ስድስት። ሁለቱም ጨርቅ አንድ ዓይነት።

ትናንት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ወንዴው ከወንዴ ትይዩ ሆነ።

"አባዬ ተሳስተሃል! እንዴት ይገጥማል?"

"አንድ ዓይነት ናቸው አላልሽኝም እንዴ?"

"አባዬ፣ ይሄ ሱሪ አይደለም። ሳይንስ ነው።"

አዎ፣ ብያለሁ። የአንዱን ቁልፎች ፈትቼም በተቃራኒው፣ ከሴቴ ጀምሬ ሰፋኋቸው።

ዛሬ ፈታኞቹ ፊት አንዱን ጨርቅ አዙሬ ከሌላው ጋር ጫንኩት። ቀጭ አላለም። ደግሜ ጫንኩት። ወንዴ ከወንዴ፣ ሴቴ ከሴቴ!

ወይ መሳሳም!

አንደኛው ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ። "ቅጂዎቹ ይለያያሉ ነው የምትይን?"

የሁለት ዓመት ሥራዬ እኮ አይለያዩም የሚል ነው! ጨርቆቹን አገላበጥኩ።

ከኋላ ወንበር አባዬ እጁን አወጣ። እንደ ተማሪ!

"ይቅርታ፣ ልጄ ደክሟት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ፣ አንዱ ሲዞር ወንዴው ሴቴው ላይ ያርፋል። እሷ ናት ያስረዳችኝ።"

ደክሟት ነው አለ። ያን ሁሉ ከተናገርኩት በኋላ!

"እርስዎ ባዮሎጂስት ነዎት?" አሉት ፈታኙ።

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ትክክል ነዎት" አሉትና ወደ እኔ ዞሩ። "ቀጥዪ።"

ቀጠልኩ። የቀረውን ጥያቄ ሁሉ መለስኩ።

አልፌያለሁ! በማስተካከያ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ "የምስጋና ገጹ ላይ አባትሽ የሉም።"

የላብራቶሪውን ፍሪጅ ሳይቀር አመስግኜ ነበር እኮ! "ስሙማ ሽፋኑ ላይ ከስሜ ቀጥሎ አለ" ልል ከጅሎኝ ዋጥኩት።

ይኸው ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጫለሁ። "አባዬ፣" ብዬ ጽፌ ቆሜያለሁ። ማስተርስ የያዛችሁ ሰዎች፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን ይባላል?