ጎብዬ ላይ ፀሐይ ስትመረቅ

ቆቦ ውስጥ ፀሐይን የሚያመሰግን ሰው ካጋጠማችሁ አገሩን ጠይቁት፤ ደገኛ ነው። እኛ ቆለኞች ከፀሐይ ጋር ያለን ዝምድና የባላንጣ ነው። እሷ ትመጣለች፣ እኛ ጥላ ፍለጋ እንሸሻለን። ሰላምታችን ራሱ «ና ወደ ጥላው!» ነው። ታዲያ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ይህችን ጠላታችንን በወዳጅነት እንድንይዛት ሲመክሩን ምን እንበል? «ማሻአላህ» አልን። እንግዳ ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎብዬ ትንሽ ወረድ ብላ ባለች ቀበሌ በፀሐይ ኃይል ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ተተከለ። ጉድጓዱን የኛ መንግሥት ቆፈረ፤ ፓምፑን አንድ አገር ሰጠ፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ሌላ አገር፤ ንግግሩን ሁሉም አዋጡ። ይህ ዓለም አቀፍ ትብብር ይባላል። እኔ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ቆቦ ላይ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ለምረቃው የተጠራሁት ግን በአስተርጓሚነት ነው።

«ምነው፣ መሐንዲስ ሆነህ?» እንዳትሉኝ ፈርቼ ነበር፤ አላችሁኝ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን ውጭ አገር ሄዶ ስለ ፀሐይ ኃይል የሚማር አንድ ሰው ተፈለገና ተፈተንን። አንደኛ ወጣሁ። የክፍል ጓደኛዬ ጌትነት ሄደ። አጎቱ የፈታኞቹ አለቃ መሆናቸው አጋጣሚ ነው። እኔ ደግሞ ቂም አልይዝም፤ ዓመታቱን ብቻ ነው የምቆጥረው። በምረቃው ዕለት ፓምፑን ሊያስረክብ የመጣው ኢንጂነር ማን ይመስላችኋል? እሱው፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ።

ቢሆንም ሱሪዬን አስተኩሼ ሄድኩ። እንግዶቹ አንድ ባለሙያ መርጠው ለአንድ ዓመት ትምህርት እንደሚወስዱ፣ ማንነቱንም እዚያው እንደሚናገሩ ተወርቶ ነበር። በዚያ ቆላ ከኔ ሌላ ኤሌክትሪክ የተማረ ማን አለ?

የእንግዶቹ መሪ ሽበታም ሴትዮ ናቸው። የአገራቸው ፋብሪካ ለብዙ ዘመን ሰማዩን በጭስ እንደሞላው፣ የዓለም አየር በዚህ እንደተዛባ፣ አሁን ተባብረን ማቃናት እንዳለብን ተናገሩ፤ ተረጎምኩ። የቀበሌው ሽማግሌ ሼህ ሰይድ አገጫቸውን በምርኩዛቸው ደግፈው ሰሙና፣ «አብሽሪ በላት ልጄ። እናንተ አጨሳችሁ፣ እኛ ሳልን። ጥፋቷን ካመነች ዕርቅ ነው» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ።

ከዚያ ጌትነት ማብሪያውን ተጫነ። ምንም። ደግሞ ተጫነ። ቧንቧው ጉርር አለና ዝም። ጀሪካን ይዘው ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ፣ «ምነው፣ ውሃዋም የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች እንዴ? ፊርማ ነው የምትጠብቀው?» አለች። ጌትነት ሽቦ ፈታ፣ ሽቦ አሰረ፤ ላቡ ከመነጽሩ ሥር ወረደ።

እኔ ግን ቀና ብዬ አየሁና ሳቄ መጣ። ኧረ ምን ሳቅ! የቀበሌው ሰው በዋዜማው ለእንግዶቹ ዳስ ጥሏል፤ የማሽላ አገዳ ደራርቦ፣ የፀሐይ ጭላንጭል እንዳታልፍ አድርጎ። ዳሱ ታዲያ እንግዶቹ ወንበር ላይ አላበቃም፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹንም አጠቃሎ ሸፍኗቸዋል! ጌትነት ራሱ ከመኪና ሲወርድ «ግሩም ጥላ ነው» ብሎ አመስግኗል። ሼህ ሰይድን ጠጋ ብዬ ምነው ብላቸው ተቆጡኝ። «ሰሌዳዎቹስ ባሕር ተሻግረው የመጡ አይደሉም? ከፊሉን እንግዳ ጥላ፣ ከፊሉን ሐሩር ላይ አስቀምጠን፣ ራያ ምን ይለናል?»

እንግዲህ ፍረዱ። ዝም ብል ጌትነት በአደባባይ ይዋረዳል፤ ይህ ለኔ ሠርግ ነው። ብናገር ደግሞ ያ ትምህርት የኔ ነው። ቂምና ምኞት ሆዴ ውስጥ ተደባደቡና ምኞት አሸነፈ። «ዳሱን አንሱት!» ብዬ በሁለት ቋንቋ ጮኽኩ። ጎረምሶቹ ዘለው አገዳውን ገፈፉት። ፀሐይ ሰሌዳዎቹ ላይ ወረደችባቸው፣ አብረቀረቁ፣ ቧንቧው አስነጠሰና የሴትዮዋን ጫማ በውሃ አራሰው። እልልታ! ፖሊሱ ሳይቀር ዘለለ። ሼህ ሰይድም ወደ ሰማይ አንጋጠው፣ «ወላሂ፣ ይቺ ፀሐይ ስንሰድባት ኖረን እንዲህ ያለ ውለታ መዋሏ!» አሉ።

ሴትዮዋ እጄን ጨበጡኝ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም። ከዚያ ውሳኔያቸውን ተናገሩ። ሕዝቡ ወደኔ ዞሮ ትርጉም ጠበቀ። ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ፦ ይህ አስተርጓሚ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ከፓምፑ አጠገብ እንዳይርቅ አደራ እንላለን። ለትምህርት የሚሄደው፣ ዛሬ ሁላችሁም እንዳያችሁት፣ ትምህርት እጅግ የሚያስፈልገው ኢንጂነር ጌትነት ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ ሼህ ሰይድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ማሻአላህ፣ አንተ ልጅ» አሉ፣ «ትርጉምህ እንዴት ያምራል! ከልብህ የወጣ ነው የሚመስለው።»