የጠፉት ትሎችና ተከሳሿ ዳክዬ ጎርጎኒያ

ቀን፦ እሑድ፣ ሜይ 17 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.፣ የገበሬዎች ጠባቂው የሳን ኢሲድሮ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡00።

ቦታ፦ ፊሊፒንስ፣ ኔግሮስ ደሴት፣ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ የገበሬዎች ማኅበሩ የትል መደብ አጠገብ።

የተገኙ (ማኖንግ ለወንድ፣ ማናንግ ለሴት ታላቅ የአክብሮት መጠሪያ ነው)፦ ማኖንግ ቴዎፊሎ (ሊቀመንበር)፣ ማኖንግ ኤሎይ (የትሎቹ ጠባቂ)፣ ማናንግ ሳሉድ (አባል፣ ጓሯቸው ከመደቡ አጥር ወዲያ)፣ ሄርሚኒያ (ጸሐፊ፣ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ)።

በተከሳሽነት፦ ጎርጎኒያ፣ የማናንግ ሳሉድ ዳክዬ፣ እግሯ ታስሮ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አራት ነበርን። ሊቀመንበሩ ዳክዬዋ ትቆጠር ቢሉም ተከሳሽ ድምፅ አይሰጥም ተብሎ ቀረ። በዚህ መሀል የሊቀመንበሩ ባለቤት ማናንግ ፕሩደንሲያ የጠፋባቸውን ቢጫ ባልዲ ሲፈልጉ መጡ። አባል በመሆናቸው ተቀመጡ ተብለው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ ትሎቹ የት ገቡ?

ማኖንግ ኤሎይ እንዳስረዱት፣ በሙዝ ግንድና በጎሽ እበት የሚቀለቡት ትሎች ቆሻሻውን ሁሉ ጥቁር ማዳበሪያ እያደረጉ የመንደሩን የሩዝ ማሳ ሲመግቡ ኖረዋል። ትናንት ጠዋት መደቡን ቢገልጡ አንድም የለም። "ቤተ ዘመድ የቀበርኩ ነው የመሰለኝ" ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሊቀመንበሩ "ምን ያጠያይቃል? ትል የሚበላ ማነው? እኔ አልበላሁ!" ብለው ጣታቸውን ወደ ተከሳሿ ቀሰሩ። ተከሳሿ "ቋ" አለች። ሊቀመንበሩ ይህ እንደ እምነት ቃል ይመዝገብልኝ አሉ። ተመዝግቧል።

ማናንግ ሳሉድ ተነሥተው "አፈር ስሆን ተዋት! ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሬን የምታንኳኳልኝ እሷ ብቻ ናት። ደግሞስ በበዓል ሰሞን የሰው ዳክዬ በማን ድስት እንደሚገባ እያወቅህ፣ ፈትቼ እለቃታለሁ? የበዓሉን ሌሊት አልጋዬ ሥር ቆልፌባት ነው ያደረችው" አሉ። ሊቀመንበሩ "ለገዛ ልጅ መመስከር ቀላል ነው" አሉ። ማናንግ ሳሉድ የመለሱትን ጸሐፊዋ ለጨዋነት ስትል አልጻፈችም።

ከረዥም ውይይት በኋላ ጎርጎኒያ ጥፋተኛ ናት ተባለ። ትሎቹ በሆዷ ስላሉ፣ ዛሬውኑ ታርዳ ብትበላ ንብረቱ ለማኅበሩ እንደሚመለስ ታምኖበት በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ማናንግ ፕሩደንሲያ ባልዲ እየፈለጉ ነበር። የጸሐፊዋ እጅ እስክሪብቶ ይዞ ነበር፤ እስካሁን ይቆጫታል።

አጀንዳ 2፦ የወጡ አሠራር

ሊቀመንበሩ በአቼቶ ትሠራ አሉ። "አቼቶውን ለእኔ ተዉት። የበዓሉን ኪኒላዬን ቀምሳችሁ የለ?"

ኪኒላው በአቼቶና በሎሚ የሚነከር ጥሬ ዓሣ ሲሆን፣ ሊቀመንበሩ ለበዓሉ አንድ ባልዲ ሙሉ አዘጋጅተው ነበር። ማናንግ ሳሉድ አልቀመስኩም አሉ። ማኖንግ ኤሎይም እንደዚሁ። ጸሐፊዋም።

ማናንግ ፕሩደንሲያ "ታዲያ ማን ጨረሰው?" ሲሉ ጠየቁ።

ማኖንግ ኤሎይ መደቡን በእጃቸው ማሱ። የሎሚ ልጣጭ፣ የዓሣ አጥንት፣ በመጨረሻም ቢጫ ባልዲ ወጣ። "ጉድ ነው! ትል እኮ አቼቶ ከሸተተው ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚሄደው!" አሉ።

ማናንግ ፕሩደንሲያ "ባልዲዬ!" ካሉ በኋላ ወደ ባላቸው ዞሩ። "አንተ ሰውዬ፣ እንግዶቹ ጣታቸውን እየቆረጠሙ ጨረሱት አላልከኝም?"

ሊቀመንበሩ "ሁሉም አይቶት አለፈ። በበዓል ቀን የሠራሁት ምግብ ሳይነካ ሲቀር አፈርኩ። ሌላ የት ልድፋው?" አሉ።

ማናንግ ሳሉድ ድምፅ ሳይጠብቁ ተከሳሿን ፈቱ። እሷም በአጥሩ ሥር ሾልካ ማናንግ ሳሉድ ጓሮ ገባች፤ ጉባኤው ተከተላት። እዚያ የወደቀ አንድ የበሰበሰ የሙዝ ግንድ በመንቁሯ ስትጎረጉር ትሎቹ ሥሩ ተከማችተው ተገኙ። ተከሳሿም ሦስቱን በጉባኤው ፊት ዋጠች። ድርጊቱ ከክሱ በኋላ የተፈጸመ ስለሆነ አይመለከተንም ተባለ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መደቡ ትሎቹ ራሳቸው ወደ መረጡት ጓሮ ይዛወራል፤ ጎርጎኒያም ከትሎቹ በሽቦ ትከለላለች።

ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ኪኒላው አንድም ቃል በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ ለመኑ። ለድጋፍ መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት ማናንግ ሳሉድ ናቸው። "በል ና፣ ምሳ ብላ። የዳክዬ እንቁላል አለ፤ የማን እንደሆነ ግን እንዳትጠይቀኝ" አሏቸው።

ጥያቄው በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ስብሰባው ከረፋዱ 5፡20 ተበተነ። ጸሐፊዋም በውሳኔው መሠረት ስለ ኪኒላው ምንም አልጻፈችም።